«ጻድቅ» የትኛው ነው? የዕብራይስጥ ቃላት ጥናት፣ ከ32 ካርድ በኋላ

ለየቁጥሩ አንድ እያደረግሁ የምጽፋቸው የ«ሐሲድ» የጥናት ካርዶች አለቁ፤ ሐሲድ እኛ ጋ «ጻድቅ»፣ አንዳንዴም «ቅዱስ» ተብሎ የተተረጎመ የዕብራይስጥ ቃል ነው። ቃሉ በዕብራይስጡ መጽሐፍ (በብሉይ ኪዳን) 32 ጊዜ ይገኛል፤ 25ቱ በመዝሙረ ዳዊት ናቸው። የቀሩት ሰባቱ በዘዳግም፣ በሁለቱ የሳሙኤል መጻሕፍት፣ በኤርምያስ፣ በሚክያስ፣ በምሳሌና በሁለተኛ ዜና መዋዕል አንዳንድ ጊዜ ይመጣሉ።

የፊደልና የነጥብ (የአናባቢ ምልክት) ትምህርቱን አልፈዋለሁ፤ ለአማርኛ አንባቢ ያ አይከብድም። የሚያስቸግረው ነገሩ ሲቀል ነው። ማሺያሕ መሲሕ፣ ናቪ ነቢይ፣ ቃዶሽ ቅዱስ እያሉ ሲዘልቁ «ይሄማ የእኛው ነው» የሚል መዘናጋት ይመጣል። ከዚያ «ዔቬድ» ይደርሳል። ትርጉሙ አገልጋይ፣ ባሪያ ነው፤ ሆሄያቱ ግን ዐ-በ-ደ ናቸው፣ በግዕዝ ደግሞ ዐብድ ሞኝ ነው፤ የአማርኛው እብድም ከዚያው ነው። የእኛ «ገብር» በሆሄ የሚገጥመው ከ«ጌቬር» ጋር ሲሆን ጌቬር ወንድ፣ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለውን ስም በዕብራይስጥ የሚፈልግ ሰው አብድዩ («የእግዚአብሔር አገልጋይ») ጋ ይሂድ።

«ናዝራዊ»ም ወጥመድ ነው። በዘኍልቍ 6 ወይን የማይጠጣው፣ ጠጉሩን የማይላጨውና ሬሳ የማይነካው ስእለተኛ «ናዚር» ይባላል፣ በዛይን (ዘ) ይጻፋል። የናዝሬት ከተማ ስም ግን በዕብራይስጥ በጻዴ (ጸ) ነው። በግሪክ በኩል ሲያልፍ ጻዴው ዘ ስለሆነ አማርኛው ሁለቱንም «ናዝራዊ» ይላቸዋል። ዝምድናቸውን በሥር ለማስረዳት ከመሞከር በፊት ሆሄውን ማየት ነው።

ብዙ ቀን የፈጀው ግን ጻድቅ ነው። «ክቡር ሞቱ ለጻድቅ በቅድመ እግዚአብሔር» ሲባል ዕብራይስጡም «ጻዲቅ» የሚል ይመስላል። አይልም፤ «ሐሲዳቭ» ነው የሚለው፣ የእሱ ሐሲዶች። የግዕዙ መዝሙር የተተረጎመው ከግሪክ ነው። ግሪኩ ሐሲድን «ሆሲዮስ»፣ ጻዲቅን «ዲካዮስ» ብሎ ይለያቸዋል፤ ግዕዝ ሲደርስ ግን ሆሲዮስም ጻድቅ ሆነ። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው፦ «ሐሲድ» የወጣበት «ሔሴድ» የሚለው ቃል በግዕዝ ምሕረት ሆኗል። «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» የሚለው፣ በዕብራይስጡ መዝሙር 136 ሃያ ስድስቱም ቁጥር ላይ የሚመለሰው አዝማች፣ ቃሉ ሔሴድ ነው። ሔሴድና ሐሲድ በዕብራይስጥ እናትና ልጅ ናቸው፤ ምሕረትና ጻድቅ ግን በጆሮ ምንም አያገናኛቸውም። አማርኛው ደግሞ ሐሲድን አንዳንድ ቦታ «ቅዱስ» ስለሚለው ከቃዶሽ ጋር ሌላ መደበላለቅ ይመጣል። ለምሳሌ በመዝሙር 89፥6 እና 8 እንዲሁም በኢዮብ 5፥1 «ቅዱሳን» የተባሉት ሐሲዶች ሳይሆኑ በዕብራይስጡ ቃዶሽ የተባሉ ሰማያውያን ናቸው።

መፍትሔ የሆነው መዝገበ ቃላት አይደለም። (መዝገበ ቃላት ቢያስፈልግም በሥር የተደረደረውን ያዙ፤ ማሺያሕን በመ ሳይሆን በ«ማሻሕ»፣ ቀባ ሥር ትፈልጋላችሁ።) የሠራው ካርድ ነው። አንድ ካርድ ለአንድ ቁጥር፣ አራት ሳጥን፦ ዕብራይስጡ፣ ግዕዙ፣ አማርኛው፣ አራተኛው ላይ ጎኑ የቆመው ተጓዳኝ ቃል። አራተኛውን ሳጥን የሚዘል ሰው ጊዜውን አባከነ። ዕብራይስጥ ግጥም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚል ተጓዳኙ ራሱ ፍቺ ይሰጣል። ለሐሲዶች «አገልጋዮችህ» (መዝሙር 79፥2)፣ «ሕዝቡ» (85፥9)፣ «እግዚአብሔርን የምትወዱ» (97፥10)፣ «ካህናትህ» (132፥9) ይመጣሉ። 50፥5 ላይ በግልጽ «በመሥዋዕት ኪዳኔን የቆረጡ» ይላቸዋል። ጻዲቅ በተቃራኒው የችሎት ሽታ አለው፤ ዘዳግም 25፥1 ዳኞች ጻዲቁን እንዲያጸድቁ፣ በደለኛውን እንዲኰንኑ ያዛል፣ ማለትም እውነት ያለውን እንዲረቱለት።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ቁጠሩ። ከ25ቱ የመዝሙር ሐሲዶች 16ቱ ባለቤት አላቸው፦ ሐሲዶቼ፣ ሐሲድህ፣ ሐሲዶቹ። 132፥16 ላይ ባለቤቷ ጽዮን ናት፤ የቀሩት 15ቱ የእግዚአብሔር ናቸው። ለጻዲቅ «ጻዲቄ፣ ጻዲቅህ» ማለት አይለመድም። ለእኔ ከሁሉም ማብራሪያ የበለጠው ይህ ቆጠራ ነው፤ ሐሲድ የማን እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው ነው። 145፥17 ላይ ሁለቱም ቃላት ለእግዚአብሔር ለራሱ ተነግረዋል፤ ያችን ካርድ ለብቻዋ አስቀምጧት።

ቁጥር ላይ አትሳቱ። እዚህ የጻፍኩት በዕብራይስጡ ነው። ግዕዙ ከመዝሙር 11 ጀምሮ ባብዛኛው በአንድ ያንሳል፣ 116 ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ 15ኛው ቁጥር 115፥6 ይሆናል። የመዝሙሩ ርእስም በዕብራይስጥ ራሱን የቻለ ቁጥር ስለሚሆን አንዳንዴ ሁለት ቁጥር ትራመዳላችሁ።

ጻዲቅ ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚገኝ ሙሉውን በካርድ መሥራት አልመክርም፤ እኔም የያዝኩት የመዝሙሩን ብቻ ነው፣ እሱም ገና ነው። ስለዚህ ከላይ ስለ ጻዲቅ ያልኩት ከሐሲዱ ይልቅ የሳሳ መሆኑ ይታወቅ። ዔቬድን የሚጀምር ሰው ደግሞ «የጽድቅ ማዕረግ ነው» ብሎ አይነሣ፤ ኤርምያስ 25፥9 ላይ ናቡከደነፆር «አገልጋዬ» ተብሏል፣ ኢሳይያስ 45፥1 ላይም ቂሮስ «መሲሑ» ነው።

እስራኤል አገር ሆናችሁ የምታጠኑ፣ የጎዳናውን ዕብራይስጥ ለጊዜው በር ላይ ተዉት። እዚያ ሐሲድ ሲባል በ18ኛው መቶ ዘመን ምሥራቅ አውሮፓ የተነሣው እንቅስቃሴ ተከታይ ነው። የሚቀጥለው ቃል «ሰጉላ»ም ዛሬ ለትዳር ወይም ለልጅ የሚደረግ መላ ሆኗል። በመጽሐፉ ግን ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። ከዘፀአት 19፥5 በፊት መክብብ 2፥8ን እና አንደኛ ዜና መዋዕል 29፥3ን አንብቡ፤ እዚያ ሰጉላ የንጉሥ የግል ወርቅና ብር ነው።