ኬራቲን የማይሰራበት ፀጉር ቤት

ሰው ለምን ኬራቲን፣ ያንን በሙቀት ፀጉር የሚያለሰልሰውን ኬሚካል፣ አትሰሪም ሲለኝ "ለደንበኞቼ ጤና ብዬ" እላለሁ፣ ሲሰማ ያምራል። ደንበኛዋ ግን ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ተሰርታ ትሄዳለች፣ ጭሱን ከጠዋት እስከ ማታ ስትምገው የምትውለው ሰራተኛዋ ናት። ተቀጥሬ እሰራበት የነበረው ቤት መስኮቱ በመጋረጃ ተከድኖ፣ ካስኩ እየነደደ፣ ፔስትራው፣ ፀጉር የሚተኮስበት ብረት፣ ፀጉሩ ላይ ባረፈ ቁጥር ጭሱ ቦግ ሲል ሁላችንም አይናችን ያለቅሳል ጉሮሯችን ይከረክራል፣ ባለቤቷ ደሞ "ትለምዱታላችሁ" ትለን ነበር። እውነቷን ነው ይለመዳል፣ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

የኬራቲኑን እቃ ጀርባ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ "ፎርማልዴይድ ፍሪ"፣ ፎርማልዴይድ የለበትም፣ ይልና ጀርባው ላይ በደቃቁ ሜቲሊን ግላይኮል የሚል ታገኛላችሁ፣ እሱ ማለት ፎርማልዴይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ነገር ነው፣ ፔስትራው እስከ 230 ዲግሪ ግሎ ሲያርፍበት ተመልሶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ፎርማሊን የምንለው፣ ሬሳ እንዳይበላሽ የሚደረግበት፣ በቃ እሱው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ መድቦታል።

ሪላክሰርም፣ ያለ ሙቀት ፀጉር የሚያለሰልሰውን ክሬም፣ አልሰራም፣ እሱ እንኳን ብዙ ያከራክረኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ በ2022 የወጣ ጥናት አለ፣ እንደነዚህ ያለ የፀጉር ማለስለሻ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ እድላቸው 4.05 ፐርሰንት፣ ጭራሽ በማይጠቀሙት ደሞ 1.64 ነው ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ተያያዥነት እንጂ ምክንያቱ እሱ ነው ብለው አልደመደሙም፣ ይሄንንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፣ ሰው አስፈራርቼ ደንበኛ ማድረግ አልፈልግም። በዛው ጥናት ቀለም ላይ እንደዛ አይነት ነገር አላገኙም፣ ስለዚህ ቀለም እሰራለሁ፣ ግን ከ48 ሰዓት በፊት መጥታ ከጆሮዋ ጀርባ ሳልሞክርላት አልቀባም። ሰዉ ለዚህ ሁለቴ መመላለስ ይሰለቸዋል፣ እንጃ፣ እኔ ደሞ ፊቷ አብጦ አይኗ የተከደነ ሴት አይቻለሁ።

ዛሬ ከሰዓት እናትና ልጅ መጡ። ልጅቷ በጥር ታገባለች፣ አክስቷ ከውጭ የላከችላትን ኬራቲን በፌስታል ይዛ "የእጅሽን ብቻ እከፍልሻለሁ" አለችኝ። አይሆንም ስላት እናትየው ገቡበት፣ "የኔ ልጅ፣ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ አንድ ቀን ምን ያደርጋታል?" "እታለም፣ እሷንስ ምንም ላያደርጋት ይችላል፣ እነዚህ የሚሰሩት ልጆች ግን ነገም እዚሁ ናቸው፣ ከነገ ወዲያም" አልኳቸው። አየት አደረጓቸው ልጆቹን። ከዛ ተመካክረው ሄዱ፣ ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ይሰራላታል፣ ያውም በደስታ። የመጀመሪያዋ ሰራተኛዬ ምንም አላለችም ግን ማበጠሪያውን አልኮል ውስጥ ስትከተው ጓ አደረገችው፣ የሙሽራ ጉርሻ ቀላል አይደለማ።

ደሞ አንዳንዱ እኔ ቤት ሲመጣ ናቹራል ከሆነ ሁሉም ነገር ይቻላል ብሎ ነው የሚመጣው። ላሽ ላይ ነጭ ሽንኩርት አሽታ ቆዳዋ ተቃጥሎ ቁስል ሆኖ የመጣች አለች፣ ሎሚ ተቀብታ የባህር ዳር ፀሀይ ላይ የዋለችም አለች፣ ግንባሯ ላይ ሎሚው የፈሰሰበት መስመር ጠቁሮ ይታያል። ጥቁር ሂና የሚሉትም ሂና ሆኖ አይደለም የሚጠቁረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የፀጉር ቀለሙን ኬሚካል ጨምረውበት ነው። ለጋ ቅቤ እወዳለሁ፣ እናቴ ስትቀባኝ ነው ያደግኩት፣ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ግን ፎረፎር ያለበት ጭንቅላት ላይ ሲጫን ፎረፎሩን መቀለብ ነው። ሹሩባም ቢሆን "ጠበቅ አድርጊልኝ እንዲቆይ" ትለኛለች፣ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ሸሽቶ ሸሽቶ አልቆ፣ እዛ ላይ ኬሚካል የለም እኮ፣ መጎተት ብቻ ነው።

እኔ ለፀጉር ጄል የምጠቀመው ተልባ ነው። ሩብ ኩባያ ተልባ ሳይፈጭ በሁለት ኩባያ ውሃ ይጣዳል፣ እያማሰሉ ነው፣ ማንኪያው ሲነሳ ክር እየሳበ መውረድ ሲጀምር ቶሎ አውርዶ በትኩሱ በሻሽ ማጥለል፣ ከቀዘቀዘ አለቀ፣ ወይ ፍንክች። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ መብራት ከጠፋ ግን በማግስቱ ይሸታል፣ እዚህ ሙቀት ደሞ አይምርም። ቤቱ ከጊዮርጊስ ወደ ሀይቁ ሲወርዱ ስለሆነ ከሰዓት ከጣና በኩል ንፋስ ይገባል፣ መስኮት ከፍተን ነው የምንሰራው፣ የተቆረጠ ፀጉር ይበትንብናል እንጂ ጥሩ ነው።

ብሩ ላይ ግን ልዋሽ አልችልም። ፀጉር ቤት የሚኖረው በኬሚካሉ ነው፣ ሪላክሰር የተሰራች ሴት ስሩ ባደገ ቁጥር ተመልሳ ትመጣለች፣ ሹሩባ ደሞ ግማሽ ቀን ይፈጅና ዋጋው ያሳፍራል። ሰራተኛ በፐርሰንት ከሆነ የምትሰራው ደሞ ውዱን አሰሪኝ ነው የምትለው፣ አልፈርድባትም፣ ቤት ኪራይ አለባት። እኔ ፐርሰንቱን ትቼ በወር ደሞዝ ነው የማሰራቸው፣ የሹሩባንም ዋጋ ጨምሬያለሁ፣ የጨመርኩ ጊዜ የቀሩ ደንበኞች አሉ፣ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። የጥር ጉርሻ ለቀረባቸው ግን ከኔ ኪስ የሆነ ነገር ልጨምርላቸው ይገባል፣ ስንት የሚለውን ሂሳብ ሳልሰራ አልናገርም። ለቀለሙ ሽታ ደሞ አየር መምጠጫ ፋን ሰኞ የሚገጥም ሰው አግኝቻለሁ፣ የጠራብኝ ዋጋ ስላልተዋጠልኝ ገና እየተከራከርን ነው።