ሞንተሬይ ላይ ዓሣ ነባሪ ለማየት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንተሬይ ወሽመጥ ላይ የባሕሩ ጥልቅ ሸለቆ እስከ ዳርቻው ስለሚጠጋ ዓሣ ነባሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለም። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ያልፋሉ፤ ከዚያ እስከ ኅዳር ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ጊዜ ነው።

የማቅለሽለሽ ክኒን ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ሆድ ከታወከ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? ጀልባው ፊት ጫፍ ላይ መናወጡ ስለሚብስ መሃል መቆም ይሻላል። መነጽሩ 7 እጥፍ የሚያቀርብ ይሁን፤ 10 እጥፉ በማዕበል ላይ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉን ያጠፋዋል።

መጀመሪያ የሚታየው ዓሣ ነባሪው ወደ ላይ የሚረጨው ትንፋሽ ነው። የግራጫው ከፊት ለፊት ሲያዩት የልብ ቅርጽ አለው። ሃምፕባክ ጅራቱን ሽቅብ ካነሳ ወደ ጥልቁ ወረደ ማለት ነው፤ ከላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ልሙጥ ክብ ይቀራል። ካሜራ እዚያ ላይ ደግኖ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ዶልፊኖቹ ግን ራሳቸው መጥተው ጀልባው የሚገፋውን ሞገድ ይጋልባሉ።