የቡድናችንን ታሪክ ከሦስት ካርቶን እንዴት እንዳወጣሁት

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የምጨፍርበት የቤሊ ዳንስ (መነሻው ግብፅና አካባቢዋ የሆነ የሆድና የዳሌ ጭፈራ) ቡድን ከተመሠረተ አርባ ዓመት አልፎታል። እኔ የገባሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። እስክስታ እየጨፈርኩ ስላደግሁ ትከሻው ቶሎ መጣልኝ። ደረትን ሳያነቃንቁ ዳሌን ብቻ ማንቀሳቀስ ግን ሁለት ዓመት ወሰደብኝ።

ከመሥራቾቹ አንዷ ያረፉ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ ቁጭ ብለን ስናወራ ቡድኑ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣበትን ዓመት በእርግጠኝነት የሚናገር ጠፋ። አንዷ 1979 አሉ፣ ሌላዋ 1982። በጣም ደነገጥኩ። ታሪኩን እኔ እጽፈዋለሁ አልኩ፤ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። የእድር፣ የማኅበር ወይም የባህል ቡድን ታሪክ ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በእጃችን የነበረው ጋራዥ ውስጥ የከረመ ሦስት ካርቶን ነው። ፎቶ፣ የትርኢት ማስታወቂያ፣ አስራ አንድ የቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት፣ ሳንቲም የተሰፋበት አንድ መቀነት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሁሉንም "በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?" እያልኩ መጠየቄ ነው። ሰው ዓመት ሲጠየቅ ይጨነቃል፤ ላለማሳፈር ብሎም አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። እናቴ ትዝ አለችኝ። የልጆቿን ልደት በቁጥር አይደለም የምትይዘው። ታላቅ ወንድሜ "ንጉሡ የወረዱ ሰሞን" ነው፣ እኔ "የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ" ነኝ። የኦክላንድ ሰውም የራሱ መቁጠሪያ አለው። ኦክቶበር 17 ቀን 1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይፕረስ የሚባለውን ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ደርምሶ እዚያ ብቻ 42 ሰው ሞተ። በኦክቶበር 1991 ደግሞ ኮረብታው ላይ የተነሳ እሳት የ25 ሰው ሕይወት አጠፋ። "ያ አዳራሽ ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው ከኋላ?" ስል መልሱ ወዲያው መጣ። "በፊት ነው! ከዚያ በኋላማ አዳራሹ ተዘግቶ ሰው ሳሎን ነው የተለማመድነው።"

የመጀመሪያውን ትርኢት ቀን ያገኘሁት ግን ከአንድ ቢጫ ወረቀት ላይ ነው። "ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13" ይላል፤ ዓመት የለውም። ከታች የኦክላንድ ስልክ አለ፣ መነሻው 415። ኦክላንድ ወደ 510 የተቀየረችው በሴፕቴምበር 1991 ስለሆነ ወረቀቱ ከዚያ በፊት የታተመ ነው ማለት ነው። ቀጥዬ ካሌንደር አገላበጥኩ። ሰዎቹ ከሚጠሩት ከ1979 ጀምሮ ስልኩ እስከተቀየረበት እስከ 1991 ድረስ ኦክቶበር 13 ቅዳሜ የዋለው በ1979፣ በ1984 እና በ1990 ነው። ወረቀቱን ይዤ ከቀድሞዎቹ ዳንሰኞች አንዷ ቤት ሄድኩ። ገና ሲያዩት "ውይ! የዚያን ቀን የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። መቀነቱ አልደርስ ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ ነው ያያያዝኩት" አሉኝ። ልጃቸው የተወለደው ጃንዋሪ 1985 ነው። ደጃቸው ላይ ቆሜ ለሁሉም ደወልኩ፤ 1984!

ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ቀለለኝ። ቤሊ ዳንሰኞች እንደ እኛ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ጥያቄው ማን ከማን ተማረ ነው። በዚህ አካባቢ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ጀሚላ ሳሊምፑር የተባሉ አስተማሪ ጋ ይደረሳል። በ1968 ለሰሜን ካሊፎርኒያው የሬኔሳንስ ፌስቲቫል (የድሮውን አውሮፓ ለሚያስመስለው በዓል) "ባል አናት" የተባለውን ቡድን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ሰይፍ፣ እባብ፣ ጭንብል፣ እንስራ፣ ሁሉም በአንድ መድረክ ይታይ ነበር። ለእንቅስቃሴዎቹ ስም እያወጡ ነበር የሚያስተምሩት። ካረፉም በኋላ ቡድኑ በልጃቸው በሱሄይላ መሪነት ቀጥሏል። የጀሚላ ተማሪ ማሻ አርቸር ናቸው፤ የማሻ ተማሪ ካሮሌና ኔሪቺዮ ደግሞ በ1987 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፋትቻንስ ቤሊዳንስን መሠረቱ። በእሳቸው ስልት ጭፈራው አስቀድሞ አይጠናም። ፊት ያለችው በእጇ ወይም በአንገቷ ምልክት ትሰጣለች፣ ከኋላ ያሉት እዚያው ይከተሏታል። ሰርግ ቤት ፊት ለፊት ገጥመን ትከሻ የምንመላለሰውን አስታወሰኝ።

እዚህ ላይ ሐቁን መጻፍ ከበደኝ። የድሮ ማስታወቂያዎቻችን "የሺህ ዓመት የቤተ መቅደስ ጭፈራ" ይላሉ። እኛ የምንጨፍረው ግን እዚሁ አሜሪካ ከብዙ አገር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ካይሮ ላይ እንኳ የመድረኩን መልክ የቀየሩት እንደ ባዲያ መሳብኒ ያሉ ሰዎች ናቸው። እሳቸው የምሽት ቤታቸውን የከፈቱት በ1926 ነው፤ ስመ ጥሮቹ ዳንሰኞች ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማልም ከዚያው ነው የወጡት። ሁለት ሴቶች ቅር አላቸው። እኔም ቃሌን አልለወጥኩም። አንድ ነገር አርባ ዓመት በሰው ጉልበትና ገንዘብ መቆየቱ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው የተማርኩት፣ ባዶ እጄን ለቃለ መጠይቅ አለመሄድን ነው። አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ስለ ድሮው ምት ስጠይቃቸው "ረስቼዋለሁ ልጄ" አሉኝ። ዚሉን፣ ማለትም በጣት የሚታሰሩትን ትናንሽ የናስ ሳህኖች፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ላስቲኩን አውራ ጣታቸውና መሃል ጣታቸው ላይ አጠለቁ። ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ቀኝ ግራ ቀኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው አስር ደቂቃ ያህል መቱ፤ እየመቱ ነው ያወሩኝ።

ካሴት ካላችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ደግሞም ማጫወቻ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል ቴፑን እዩት፤ ነጭ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው። እኔ ሳላይ ከትቼ አንዱን በጠስኩት። ምን እንደነበረበት አሁን ማንም አያውቅም።

ትልቁን ጥፋቴን ያወቅሁት መጨረሻ ላይ ነው። ረቂቁን ሰብስቤያቸው ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሁሉም ሲያጨበጭቡ አንዲት ሴት ዝም አሉ። "እኔ የለሁበትም" አሉ ቀስ ብለው። የአባላቱን ዝርዝር ያወጣሁት ከፎቶዎቹ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሁለት መቶውንም እንደገና አየሁ፤ አንዱም ላይ የሉም። ካሜራው እሳቸው እጅ ላይ ነበራ! የመቀነቶቹን ሳንቲም የሰፉትም እሳቸው ናቸው። ማን እንዳነሳው ሳልጠይቅ እነማን እንደሆኑ ብቻ ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

ሁለት ቅዳሜ እሳቸው ቤት ዋልኩ። ኔጋቲቮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋቸዋል። እስክሪብቶ ወደ ፊት ስለሚያልፍ ለስላሳ እርሳስ ሰጠኋቸው፤ በየፎቶው ጀርባ ስም ይጽፉ ጀመር። የ1984ቱ ላይ ሲደርሱ ገልብጠው ወደ መብራቱ አስጠጉት። "ይቺን ልጅ አየሻት? መቀነቷ አልደርስ ብሏት ነበር" አሉ። አጎንብሼ አየሁ። ዳሌዋ ላይ፣ ከሳንቲሞቹ መሃል፣ የመርፌ ቁልፉ ያብረቀርቃል።