የወንድሜ ዩሪክ አሲድ

የወንድሜ የደም ውጤት ዛሬ መጣ፣ ያው እንደተለመደው ግማሹ ቁጥር አጠገብ "ኤች" (ከፍ ያለ) ወይ "ኤል" (ዝቅ ያለ) ተለጥፎበታል። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው ወረቀት መቼም ንጹህ ሆኖ አያውቅም፣ ክሬቲኒን ከፍ፣ ፎስፈረስ ከፍ፣ ሄሞግሎቢን ዝቅ፣ ለምደነዋል። ዛሬ ግን እህቴ አይኗን የተከለችው ዩሪክ አሲዱ ላይ ነው፣ 7.8 ይላል፣ ወዲያው "በቃ ስጋ ይቁም!" አለች።

እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን ሳየው ቀለል ነው ያለኝ።

እሷ አልተሳሳተችም እኮ፣ ኩላሊቱ ለሚሰራ ሰው ልክ ናት። ዩሪክ አሲድ ፒዩሪን የሚባለው ነገር ሲፈርስ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው፣ ከስጋና ከዓሣም ይመጣል ከራሳችን ሴሎችም ይመጣል፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን በኩላሊት የቀረውን በአንጀት ያስወጣዋል። 7 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ሲያልፍ መገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል ሊሰራና ሪህ ሊያመጣ ይችላል፣ ከልብ በሽታ ጋርም አብሮ ይታያል። ወረቀቱ ላይ "ኤች" የሚለጠፈውም በዚህ ሚዛን ነው፣ በጤነኛ ሰው ሚዛን።

በማሽን ለሚታጠብ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ከስድስት አገሮች ከ5,800 በላይ የሄሞዲያሊሲስ ታካሚዎችን ያየ ጥናት አለ፣ ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለው ናቸው የመሞት እድላቸው ያነሰው። ሁሉም ጥናት ግን አይስማማም፣ በጣም ከፍ ያለውም በጣም ዝቅ ያለውም አደጋ ነው የሚሉ አሉ፣ በሆድ በኩል በሚደረገው ዲያሊሲስ ደግሞ ከፍ ማለቱ ከሞት ጋር የተያያዘባቸውም አሉ።

ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ነው የተረጋጋሁት። ዩሪክ አሲድ ትንሽዬ ሞለኪዩል ነው፣ በአራት ሰዓት እጥበት ማሽኑ አብዛኛውን ከደሙ ጠርጎ ያወጣዋል። ከሚቀጥለው እጥበት በፊት ደም ሲቀዳ የምናየው እንግዲህ በመሀል ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት እንደገና የተጠራቀመውን ነው፣ እሱ ደግሞ ሰውየው ምን ያህል እንደበላና ምን ያህል ጡንቻ እንዳለው ነው በብዛት የሚያሳየው። ዲያሊሲስ ላይ ያለን ሰው ቶሎ የሚጥለው ደግሞ አለመብላት፣ መክሳትና ኢንፍላሜሽን (የሰውነት ውስጣዊ መቆጣት) ነው። ኮሌስትሮልና ውፍረት ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፣ ለሌላው ሰው መጥፎ የሚባለው እዚህ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ወንድሜ ምግብ የጠላበትን ጊዜ አልረሳውም። "ብረት ብረት ይለኛል" እያለ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ይገፋል፣ ክንዱ ፊስቱላው (ለእጥበት መርፌ የሚገባበት በቀዶ ጥገና የተገጣጠመው ደም ስር) ያለበት ጋ ሳይቀር ቀጥኖ ደም ስሩ ብቻ ጎልቶ ቀረ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ኪሎው ያው ነው፣ ለካ ስጋው የለቀቀውን ቦታ ውሃ ሞልቶት ነው። ያኔ ዩሪክ አሲዱ 4.1 ነበር፣ አጠገቡ ምንም ፊደል የለም፣ ማናችንም አላየነውም። ፎስፈረሱ እንኳን "ኖርማል" ገብቶ ተደስተን ነበር፣ ሰውየው አይበላማ!

ዩሪክ አሲድ ሲጨምር እድሜ ይረዝማል እያልኩ አይደለም። አብረው ታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ የሚል ማስረጃ የለም፣ ሆን ብሎ መጨመር ሞኝነት ነው፣ ሪህ ከተነሳበትም መታከም አለበት። መድኃኒቱ አሎፑሪኖል ራሱ ዲያሊሲስ ላልጀመሩ የኩላሊት በሽተኞች ቢሰጥ የኩላሊቱን መድከም ያዘገያል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች አላዘገየም አሉ።

ስጋ ማቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል፣ እጥበቱ ራሱ አሚኖ አሲድ ይዞበት ይሄዳል። 58 ኪሎ ለሆነው ወንድሜ ወደ 58-70 ግራም ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ በስንት ጭቅጭቅ ነው የሚበላው። ከስጋው ጋር የሚገባውን ፎስፈረስ በክኒኑ እንይዘዋለን፣ ከምግቡ ጋር እስከዋጠው ድረስ።

እህቴ አላመነችኝም፣ "አንተ ደግሞ ሐኪም ሆነሃል" ብላ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማክሰኞ እጥበት ላይ ራሷ ዶክተሩን ትጠይቀው፣ አልቡሚኑንም (ደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) አብራ ታሳየው ብያታለሁ፣ ካለፈው ወር ከፍ ብሏል እሱም።