ከጅማ ግልገል ጊቤ ውሃ ዳር በሞተር፣ አንዴ ተበላሽቶብን አንዴ የተሳካልን

ግንቦት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ያቀድነው ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጠዋት ስንት ሰአት ጅማ ፈረንጅ አራዳ እንደምንገናኝ። ሌላው ሁሉ እዛው ይታያል ተባባልን። አምስት ሞተር ዘጠኝ ሰው፣ የምንሄደው ግልገል ጊቤ ውሃ ዳር፣ ከጅማ በአዲስ አበባው አስፋልት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰርቦን ታልፋለህ አሰንዳቦን ታልፋለህ ከዛ ወደ ደነባ ስትጠጋ ውሃው ከመንገድ ላይ ሆነህ ይታይሃል፣ ይሄ ምን እቅድ ይፈልጋል አልን። ማታ 2 ሰአት ተኩል ላይ በስብሰን፣ አንዱን ሞተር በአይሱዙ አስጭነን ከተማ ስንገባ ነው የገባኝ።

የሆነውን በተራ ልንገራችሁ። 1 ሰአት የተባለው መነሻ 3 ሰአት ተኩል ሆነ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቤንዚን የሚቀዱት ጠዋት ነበር፣ ሰልፉን ደሞ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ስለነበር መንገዳችን ላይ ካሉት ከተሞች አንዱ ገበያ ቆሞ ነበር፣ ሰው፣ ጋሪ፣ አህያ፣ በቆሎ የጫነ ባጃጅ፣ በእግር ከሚሄደው ሰው እኩል እየተጎተትን ነው ያለፍነው። ውሃው ጋ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ምሳ ያሰብነው ከአሳ አስጋሪዎቹ ቆሮሶ ገዝተን እዛው ልንጠብስ ነበርና ከቤት የያዝነው ዳቦና ጭኮ ብቻ ነው፣ አሳ ግን የለም። ለካ መረቡን ሌሊት ጥለው ማለዳ ነው የሚያወጡት፣ ነጋዴ ተረክቦ ከሄደ ቆይቷል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ቦታው ነው። ያን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የዛን አመት ጥቅምት ላይ ለስራ ሳልፍ ከአውቶቡስ መስኮት አይቼው፣ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ስሩ ድረስ የመጣ ውሃ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ሳር። ሰባት ወር ሙሉ ስለሱ ቦታ ሳወራ ነው የከረምኩት። በግንቦት ስንደርስ ዋርካው አለ ውሃው የለም። ከዋርካው ስር ቆመህ ውሃው እዛ ማዶ ያብለጨልጫል፣ መሃሉ ላይ ከላይ የደረቀ የሚመስል ከስር ግን ለስላሳ የሆነ ጥቁር ጭቃ ነው። አንዱ ጓደኛችን ቦክሰር ሞተሩን ይዞ ገባበትና እስከ ፔዳሉ ሰጠመ፣ ለአራት ሆነን አንድ ሰአት ፈጀብን እሱን ለማውጣት።

ይሄን ማወቅ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ሀይቅ አይደለም፣ የመብራት ሀይል ውሃ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ስራ ሲጀምር ወንዙን 40 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ አስቁመው ነው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ከዛ የወጣው ውሃ ደሞ ተራራ ሰርስሮ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሄዶ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለውን ጊቤ ሁለትን ያዞራል፣ እሱ ብቻውን 420 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ክረምት ላይ የሞላው ውሃ በበጋው በሙሉ ለመብራት እየተለቀቀ ነው የሚከርመው ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ህዳር ሙሉ ነው፣ ከዛ እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ ከክረምቱ በፊት ከሁሉም ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት በኩል ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳሩ ግን ብዙ ርቀት ነው የሚሸሸው። በጥቅምት ያየኸውን ቦታ በግንቦት አትፈልገው፣ በግንቦት ያየኸውንም በጥቅምት ውሃ ውስጥ ነው የምታገኘው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ጭቃውን ተውነውና ራቅ ብለን ሳሩ ተጋድሞ ጠረግ ያለ መንገድ የመሰለ ቦታ አገኘን፣ ቀጥታ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ለመቀመጥ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ጋቢ አነጠፍን። ትንሽ ቆይቶ ከብት የሚነዱ አንድ አባት መጡ። በኦሮምኛ ሰላም አሉንና ወደ ውሃው እየጠቆሙ ደጋግመው "ሮቢ፣ ሮቢ" አሉ። ከመሃላችን ኦሮምኛ ትንሽ ይሰማል የተባለው የአዳማ ልጅ ነው፣ "ሮባ ነው የሚሉት፣ ዝናብ ይመጣል ነው" አለ። ሰማዩን ስናይ እውነትም ከጅማ በኩል ጠቁሯል። እሺ አባባ፣ ገለቶማ፣ ብለን አመሰገንን፣ እሳቸው ግን እየተገላመጡ እያዩን ነው የሄዱት። 9 ሰአት ሲሆን ዝናቡ መጣ፣ እኛም አባባ እንዴት አወቁ እያልን ጓዛችንን ሰበሰብን።

ከዛ በኋላ ያለውን ባጭሩ፣ አንዱ ሞተር ከአሰንዳቦ ሳይደርስ ጎማው ተነፈሰ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪ ይዘናል ግን ልኩ አይደለም፣ የፊቱን ነው የያዝነው የተበሳው የኋላው ነው። ጎሚስታ ፍለጋ፣ ጨለማ፣ ዝናብ፣ ከፊት የሚመጣ የአይሱዙ ፓውዛ አይን ሲያጠፋ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት። የአንዷ እህታችን ጀበናም ጉዱባ ላይ ስንነጥር ተሰበረ፣ ከእናቷ የመጣ ነበር። የዛን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሰው ባይጎዳም ሊጎዳ ይችል ነበር፣ ጠርቼ የወሰድኳቸው ደሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ ቡድኑን ሳልይዝ፣ ኦሮምኛ አፉን ከፈታበት አንድ ጓደኛዬ ጋ ብቻ ሆኜ፣ ቦታ ለማየት ብቻ ሄድኩ። ማንም ሰው ይዞ ከመሄዱ በፊት ይሄን ቢያደርግ በጣም ነው የምመክረው፣ አንድ የቤንዚን ወጪ ነው። አባባን አገኘናቸው፣ ወዲያው ነው ያስታወሱኝ። ጓደኛዬ ሲያወራቸው ነው እውነቱ የወጣው፣ ያኔ ሮባ አላሉም፣ ሮቢ ነው ያሉት፣ ሮቢ ጉማሬ ነው። ያ ጠረግ ያለ ለመቀመጥ የተሰራ የመሰለን መንገድ ጉማሬ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ የሚወጣበት ነው፣ እኛ እሱ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ነበር ጋቢ ያነጠፍነው። ጉማሬ ደሞ የሚከፋው መሃሉ ስትገባበት ነው፣ ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ ከዘጋህበት ሰው ነህ ብሎ አያልፍህም። ጅማ ውስጥ አድገን፣ ከተማው ዳር ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ እንዳለ እየሰማን አድገን፣ የጉማሬን መንገድ ሳር የተጋደመበት ሜዳ ነው ብለን ተቀመጥንበት። አባባ እጄን ይዘው እየዞሩ የት እንደሚወጣ የት እንደማይወጣ አሳዩኝ፣ አንድ ከፍ ያለ ድንጋያማ ቦታ ጥላ ያለው መረጡልኝ፣ ዳሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጭቃ የለውም ጉማሬም አይወጣበትም አሉ። ሰው ሳይጠይቁ ቦታ መምረጥ ከዛ ቀን ጀምሮ ትቻለሁ።

ከዛ ነው ቁጭ ብዬ በወረቀት ያሰላሁት፣ ግን በተቃራኒው፣ ከመነሻው ሳይሆን ከመግቢያው ጀምሬ። ህዳር ላይ 12 ሰአት ሲል ይመሻል። ስለዚህ ጅማ መግባት ያለብን ቢዘገይ 11 ሰአት። ከጓደኛዬ ጋ ለሁለት ስንሄድ መንገዱ አንድ ሰአት ከሩብ ነው የፈጀብን፣ አምስት ሞተር ሰው ጭኖ ግን ሁለት ሰአት በለው። አንድ ሰአት ደሞ ለጎማ፣ ለከብት፣ ለማይታወቅ ነገር። ስለዚህ ከውሃው 8 ሰአት ላይ መነሳት፣ ጨዋታው ቢጥምም ባይጥምም። እዛ አራት ሰአት ለመቆየት ከፈለግን 4 ሰአት መድረስ፣ ለመድረስ ደሞ ከጅማ 1 ሰአት ተኩል መውጣት። 8 ሰአት ገና ቀን ነው ብለው ሁለቱ ተከራከሩኝ። እኔ ግን ዝናቡን ትቼ ሌላም አሰብኩ፣ ከ10 ሰአት በኋላ ከብቱ ሁሉ ወደ ቤቱ በአስፋልቱ ነው የሚመለሰው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ጉማሬውም ይወጣል ቢንቢውም ይወጣል። የወባው ነገር ቀልድ አይደለም፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተውታል፣ በአንድ ጥናታቸው ከውሃው በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት የበለጠ በወባ ተይዘው ተገኝተዋል። ውሃው የሚሞላበት የሚያምርበት ወቅት ደሞ ወባ የሚበዛበትም ወቅት ነው። እዛ ለሚኖሩት የየቀን ኑሮ ነው፣ እኛ እንኳን ቀድመን መነሳት እንችላለን።

ቀኑን እሁድ አደረግነው በገበያው ምክንያት። ቤንዚን ሁሉም ሰው አርብ ቀድቶ እንዲያድር፣ ያልቀዳ አይሄድም ተባለ፣ ከባድ ይመስላል ግን ማንም አልቀረም። ቅዳሜ ከሰአት ሁሉንም ሞተር አንድ ግቢ አምጥተን ሰንሰለት ወጠርን፣ ፍሬን አየን፣ ከመነዳሪ ለፊትም ለኋላም ተያዘ፣ መንፊያ፣ ካንዴላና የካንዴላ ቁልፍ። አፓቼ የሚባለው ሞተር ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ስለሆነ የሱ መድፈኛ ለብቻው ነው። ሄልሜት ለሚነዳው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለሚቀመጠውም፣ ሶስት ጎደለንና ተዋስን።

አሰላለፉን ቀየርነው። በመጀመሪያው ጉዞ ፈጣኖቹ ቀድመው ሄደው ከኋላ ያለው ሲበላሽ አላወቁም ነበር። አሁን ከሁሉ ቀስ ብሎ የሚነዳው መሪ ሆነ፣ ከሁሉ መንገድ የሚያውቀውና መፍቻ የያዘው መጨረሻ። ሁሉም በመስታወት ከኋላው ያለውን ሞተር ያያል፣ ካጣው ዳር ይዞ ይቆማል፣ በቃ ይሄው ነው ህጉ። ሰርቦ ሻይ፣ አሰንዳቦ ዳቦ፣ ሌላ ቦታ መቆም የለም።

መንገዱ በህዳር እንዴት እንደሚያምር ግን መናገር አለብኝ። ዝናቡ ቆሞ አቧራው ገና አልመጣም፣ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ስለሆነ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፣ ጠዋት ላይ ጉሙ ከሸለቆው ሳይነሳ ሄልሜትህን ከፍተህ ስትነዳ የእርጥብ ሳርና የጭስ ሽታ ይመጣል። ከአሰንዳቦ በኋላ ውሃው ድንገት ሲገለጥ ከኋላዬ የነበረችው እህቴ ትከሻዬን ስትጨብጠኝ ትዝ ይለኛል፣ ምንም አላለችም።

አሳውን በዋዜማው አስጋሪው ጋ ደውዬ ነው ያስያዝኩት፣ አስራ ሁለት ቆሮሶ ጠብቆን ቆየ፣ ዘይትና ብረት ድስት ይዘን ነበር እዛው ጠበስን። ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የሄደው፣ እቃ መጫኛ ላይ አይደለም። ከሰሉን ንፋሱ ስላስቸገረን ድንጋይ ከልለን ነው ያቀጣጠልነው፣ ቡናው ሲቆላ ሽታው ወደ ውሃው ሄደ፣ አባባም መጡ፣ አቦል እስከ በረካ ከኛ ጋ ጠጡ። ልጆቹ ዋና አሉ፣ አልተፈቀደም፣ ለጉማሬውም ለቢልሃርዝያውም። ወደ ግድቡና ወደ ማመንጫው በኩል አልሄድንም፣ ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው፣ ፎቶም የምታነሳበት አይደለም።

8 ሰአት ሲሆን ተነሳን። አንዱ ጎማ ሰርቦ አካባቢ ተበሳ፣ የኋላው ነው፣ ከመነዳሪው ነበረን፣ በ25 ደቂቃ ቀይረን 10 ሰአት ተኩል ላይ ጅማ ገባን፣ ፀሀይ እያለ።

ከመነሳታችን በፊት አባባ ጋ ሆነን ዋርካው ጋ ሄደን ውሃው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቆምን፣ ያኔ ውሃው ከዋርካው ስር ነበር። መጋቢት ላይ ለሌላ ጉዳይ ሳልፍ ሞተሬን አቁሜ ወረድኩ፣ ድንጋዩ እንዳለ ነው፣ ከሱ ተነስቼ ወደ ውሃው በእርምጃ ቆጠርኩ። 280 ላይ ጭቃው ሲለሰልስብኝ ተመለስኩ፣ ውሃው ገና ነበር።