አይጥና የቆመ መኪና

ለገጣፎም በሉት ሱሉልታ፣ ከተማው አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ሰፈር መኪና የሚያሳድር ሰው የአይጥን ነገር ያውቀዋል። በተለይ ከህዳር ጀምሮ እህሉ ሲታጨድ መጠለያ ፍለጋ ወደ ግቢ ይመጣሉ። በዚያ ብርድ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ሞተር ለእነሱ ሆቴል ነው።

ሽቦ የምትቆረጥመው ስለራባት ብቻ አይደለም። የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የግድ መፋቅ አለባት። ጎረቤቴ የአየር ፊልትሮው ውስጥ ሳርና የተቦጫጨቀ ስፖንጅ አገኘ፤ ኤሌክትሪሻኑ የጠራለትን ዋጋ ባልናገር ይሻላል።

እኔ የማምነው ምግብና መደበቂያ በማሳጣት ነው። ቆሎም ሆነ የዶሮ መኖ መኪና ውስጥ አይደር። ዙሪያውን ያለውን ሳር እጨዱ፣ የተከመረ እንጨትና ጆንያ አርቁ። ግቢው አስተማማኝ ከሆነ ማታ ኮፈኑን ከፍታችሁ ተዉት፤ ሙቀቱም ጨለማውም ይቀርባታል። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊሜትር በምታህል ቀዳዳ ሾልካ ስለምትገባ የአየር መግቢያውን ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ሽቦ ሸፍኑት እንጂ በፕላስቲክ አትድከሙ፣ በልታው ነው የምታልፈው።

ናፍታሊን የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሽታው ለሰውም ጥሩ አይደለም። መርዝማ ጭራሽ! ዳሽቦርዱ ስር ገብታ ከሞተች ማን ሊያወጣት ነው? የተመረዘችውን የበላች ድመትም ትጎዳለች። ወጥመድ ይሻላል፣ ጎማው አጠገብ አድርጉት።

ጎጆ ካገኛችሁ በደረቁ አትጥረጉት። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ በረኪና ባለው ውሃ አርሳችሁ አንሱት። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አካባቢ ደረቅ ሳር ከቀረ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ።