አድራሻውን የሚደብቅ ስልክ

ዘንድሮ ደሴ የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የገቡት ተማሪዎች የያዙት ስልክ ከሰርቨር ክፍላችን ዕቃ በብዙ ዓመት አዲስ ነው። የእኛ መሣሪያ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ከተገኘው ሁሉ ተለቃቅሞ የቆመ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ወደ ግቢው የሚገባው በተማሪው ኪስ ነው፤ እኛ የምንሰማው ሥራ ሲቆም ነው።

ዋይፋዩን ለዓመታት ስንቆጣጠር የቆየነው በማክ አድራሻ ነበር። ይህ ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ባለ 12 ምልክት መለያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን ይናገራሉ። ተማሪው ያስመዘግባል፣ እኛ እንፈቅዳለን። አንድሮይድ 10 በ2019፣ የአይፎኑ አይኦኤስ 14 በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲወጡ ግን ስልኮች እውነተኛውን መለያ ደብቀው ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የራሱን የፈጠራ መለያ ማቅረብ ጀመሩ። አንዱ ስልክ በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ አንድ ሰው፣ በመኝታ ክፍሎቹ ዋይፋይ ሌላ ሰው ሆኖ መዝገባችን ላይ ቁጭ አለ።

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ መጣች። «ጋሼ፣ አስመዝግቤ ነበር እኮ፤ አሁን አላስገባም አለኝ» አለችኝ። ፒያሳ የሚሠራ ስልክ ጠጋኝ በስልኳ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሶላት ኖሯል፤ የፈጠራ መለያውም አብሮ ተቀይሯል። ይህን ለማወቅ ሁለተኛውን ምልክት ማየት ይበቃል፦ እዚያ ቦታ 2፣ 6፣ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ካለ መለያውን የሠራው ስልኩ ራሱ ነው። የእርሷ ኢ ነበር።

ባልደረባዬ ማስታወቂያ ለጥፈን ዋይፋይ የፈለገ ሁሉ መደበቂያውን ያጥፋ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ። የማይቀየር መለያ ያለው ስልክ ባለቤቱን በሄደበት ሁሉ ያስከትላል። ልጅቷ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ብትቀመጥ፣ እዚያም መደበቂያው ከጠፋ የሆቴሉ ዋይፋይም ያንኑ መለያ ይመዘግባል። ለእኛ ሥራ እንዲቀልልን ብለን ይህን መጋረጃ ግለጡ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። እኅቴ ብትሆን አልፈቅድም።

መፍትሔው ሰውን በስልኩ መለየት ትቶ በራሱ መለያ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ለዚህ የሚሆነው ፍሪራዲየስ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ኮምቦልቻ ካምፓስ ላይ ሞክረነው ሄዷል። ያስቸገረን ሰርተፍኬቱ፣ ማለትም ሰርቨሩ ማንነቱን ለስልኩ የሚያሳይበት ዲጂታል መታወቂያ ነበር። ከአዲሶቹ አንድሮይዶች ብዙዎቹ የሰርቨሩን ማንነት ሳያረጋግጡ የይለፍ ቃል አልሰጥም ይላሉ። እዚህም ላይ እውነቱ ከስልኩ ጋር ነው፤ በእኛ ስም ሐሰተኛ ዋይፋይ የሚያቆም ሰው የተማሪዎቹን የይለፍ ቃል ሊሰበስብ ይችላልና።

እርግጥ በመለያ ስምም ቢሆን ማን መቼ እንደገባ ሎጉ (ሰርቨሩ የሚይዘው መዝገብ) ያሳያል። ከወንበሬ ሳልነሣ አንዲት ተማሪ ከየትኛው ሕንፃ ወደ የትኛው እንደሄደች ማንበብ እችላለሁ፤ ይህ ሥልጣን ያስፈራኛል። ልዩነቱ መዝገቡ ከግቢው ውጭ ለማንም የማይጠቅም መሆኑና የሚሰረዝበትን ጊዜ የምንወስነው እኛ መሆናችን ነው። ሴሚስተሩ ባለቀ ቁጥር እንዲጠፋ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ከነገ ጀምሮ የደሴውን ግቢ ወደ አዲሱ አሠራር እናዞራለን፤ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ከዚያ መኝታ ክፍሎቹን። አሮጌዎቹ ፕሪንተሮች የይለፍ ቃል የሚቀበሉ ስላልሆኑ በቀድሞው መዝገብ ይቆያሉ።